ከሐዋሳ ሆኖ ሲንክሮትሮን ላይ መሥራት፦ ሲበላሽ የቱን ልየው?

ሲንክሮትሮን ኤሌክትሮኖችን በትልቅ ቀለበት ውስጥ እያሽከረከረ እጅግ ደማቅ ኤክስሬይ የሚያወጣ ማሽን ነው፤ አፍሪካ ውስጥ እስካሁን የለም። እኛ እዚህ ሐዋሳ የፕሮቲን ክሪስታል እናሳድጋለን፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን እናቀዘቅዛለን፣ ወደ አውሮፓ እንልካለን። እዚያ ሮቦት እያነሳ ጨረሩ ፊት ያስቀምጠዋል፤ ጨረሩ ክሪስታሉን ሲመታ ምስሉ ላይ ነጥቦች ይወጣሉ፣ ከነጥቦቹም የፕሮቲኑ ቅርጽ ይሰላል፤ እኛ ከዚህ በላፕቶፕ እናዘዋለን። የሚሰጠን አንድ ፈረቃ ነው፣ 8 ሰዓት። ከፊታችንም ከኋላችንም ሌላ ቡድን ተሰልፏል። እንግዲህ ችግር ሲመጣ ጭንቅላት ይዞ መቀመጥ የለም። ከደረሰብኝ ተነስቼ ልንገራችሁ፦ ማሽኑ ላይ ያሳበብነው ጥፋት አብዛኛው እዚሁ እኛ ጋ የተሠራ ነው።

ፈረቃው ሳይታወቀን አለፈ

አትሳቁ። መርሐ ግብሩ ላይ 9:00 ይላል። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ "ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት" ብዬ፣ ምሳ በልቼ ቡና ጠጥቼ ዘና ብዬ ስመጣ ግማሹ ፈረቃ አልቋል። ፈረንሳይ ውስጥ ጠዋት 9:00 ማለት በእነሱ የብርድ ወራት የእኛ ረፋድ 5 ሰዓት ነው፤ በሞቃቱ ወራት ደግሞ 4 ሰዓት። ሰዓታቸውን በመጋቢትና በጥቅምት ይቀይራሉ። መፍትሄው አንድ ወረቀት ነው፦ የእነሱንም የእኛንም ሰዓት ጎን ለጎን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የይለፍ ቃሉንም ከአንድ ቀን በፊት ሞክሩት።

ምስሉ ላይ አንድም ነጥብ የለም

መጀመሪያ የማሽኑ ቀለበት ውስጥ ጨረር አለ ወይ? የማሽኑ ሁኔታ የሚታይበት ገጽ ላይ የኤሌክትሮኑ ከረንት ዜሮ ከሆነ የእናንተ ጉዳይ አይደለም፣ ጠብቁ። ጨረር ካለ የጨረሩ መዝጊያ መከፈቱን እዩ። ቀጥሎ ከእናንተ በፊት የነበረው ቡድን ትቶት የሄደውን ቅንብር እዩ። አንዳንዱ የጨረሩን ኃይል ወደ 1 በመቶ አውርዶ፣ ዲቴክተሩን (ምስሉን የሚቀርጸውን መሣሪያ) አርቆ፣ እንደዛው ጥሎት ይሄዳል። (የጋራ ኩሽና ልክ እንደዚህ ነው።) ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ክሪስታሉን 90 ዲግሪ አዙሩት። ከመሃል ከሸሸ በደንብ አልተማከለም። ሉፑ (ክሪስታሉን የያዘው ትንሽ የክር ቀለበት) ባዶ ከሆነ ደግሞ ክሪስታሉ መንገድ ላይ ወድቋል፤ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ነጥብ ሳይሆን ክብ ክብ ቀለበት ይታያል

ይሄኛው ብዙ አሠቃይቶናል። ቀለበቶቹ 3.9፣ 3.67 እና 3.44 አንግስትሮም (የአቶሞች ርቀት የሚለካበት እጅግ ትንሽ መለኪያ) ላይ ከተቀመጡ በረዶ ነው፣ ሌላ አትፈልጉ። ግን የትኛው በረዶ? በካሜራው ሉፑን አጉልታችሁ እዩት። ክሪስታሉ ያለበት ጠብታ ራሱ እንደ ወተት ከነጣ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ በረዶ ሠርቷል፤ በረዶ እንዳይሠራ የምንጨምረው ግሊሰሮል አንሷል ማለት ነው። በሚቀጥለው ዙር ወደ 20 ወይም 25 በመቶ ከፍ አድርጉት። ጠብታው እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ላዩ ላይ ግን ነጭ ብናኝ ካለ፣ ጥፋቱ ናይትሮጅኑ ላይ ነው።

የእኛ ናይትሮጅን የሚመጣው ከብት ከሚያዳቅሉ ሰዎች ነው። ናይትሮጅኑ ምንም አይልም፤ እኛ ግን ክረምት ላይ፣ መስኮት ከፍተን፣ ክዳን ሳናደርግ ግማሽ ቀን እንጠቀምበት ነበር። የሐዋሳ አየር ደግሞ ሐይቁ እዚሁ ነው፣ በክረምት እርጥበቱን ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን የፎም ሳጥኑን ታች በባትሪ ሳበራ፣ የጤፍ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ተኝቷል። ክሪስታሎቻችንን እሱ ውስጥ ነበር የምናጠልቀው! ከዚያ ወዲህ መቆንጠጫውን ሁሉ እናደርቃለን፣ ሳጥኑን እንከድናለን፣ ብናኝ ሲታይ ደፍተን፣ ሳጥኑን አድርቀን፣ እንደ አዲስ እንሞላለን። ናሙናው ቀድሞ ከተላከ ደግሞ የቢምላይኑን (ጨረሩ የሚደርስበትን የሥራ ጣቢያ) ሠራተኛ በትህትና ጠይቁ፤ በንጹሕ ናይትሮጅን ሊያጥበው የሚችልበት ጊዜ አለ። ካልሆነ ነጥቦቹን የሚያነበው ሶፍትዌር ቀለበቶቹን ዘልሎ እንዲያነብ እዘዙት።

ነጥቦቹ ጥቂት ናቸው፣ ግን ዓይን ያጠፋሉ

እንኳን ደስ አላችሁ፣ ጨው አሳድጋችኋል። የፕሮቲን ነጥቦች ብዙና የተጠጋጉ ናቸው፤ የጨው ጥቂት፣ የተራራቁና ደማቅ። ብዙ ጊዜ ፎስፌትና ካልሲየም ተገናኝተው ነው። ከመላካችሁ በፊት አንዱን ክሪስታል በመርፌ ጫን በሉት። ፕሮቲን ልፍስፍስ ብሎ ይደቅቃል፤ ጨው ቀጭ ይላል። ክሪስታል ስታሳድጉ ፕሮቲን የሌለበት ጠብታም ጎን ለጎን አስቀምጡ። እሱም ውስጥ ክሪስታል ከወጣ ነገሩ አለቀለት።

ሲጀምር ጥሩ ነበር፣ ሲጨርስ ደበዘዘ

ጨረሩ ክሪስታሉን እያቃጠለው ነው። በ100 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 173 ዲግሪ ላይ ሆኖ እንኳ ጉዳቱ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ከ30 ሜጋግሬይ (የተጠጣ ጨረር መለኪያ) በላይ እንዳይጠጣ ይመከራል። የጨረሩን ኃይል ቀንሱ፤ ክሪስታሉ ረዥም ከሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተንሸራተታችሁ ቅረጹ። "ጠንካራ ጨረር ጥሩ ምስል ይሰጣል" የሚል ጓደኛ ካላችሁ የማውሱን ተራ አትስጡት።

ነጥቦቹ ያምራሉ፣ ሶፍትዌሩ ግን እምቢ አለ

ሁለት ምክንያት አለው። አንድም የጨረሩ መሃል በስህተት ተመዝግቧል፤ ሠራተኛውን ትክክለኛውን ጠይቁት። አለበለዚያ ሁለት ክሪስታል ተጣብቆ ነው፤ ሌላ ጥግ ላይ ሞክሩ።

መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ሄደ

ረጋ በሉ። ቀረጻው የሚሄደው እዚያ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ የእናንተ ላፕቶፕ መስኮት ብቻ ነው። ስልካችሁን ሆትስፖት አድርጋችሁ እንደገና ግቡ፤ የቆመ መስሏችሁ ግን "ጀምር" የሚለውን ደግማችሁ አትጫኑ። እኛ አንዴ ተጫንነውና ያንኑ ክሪስታል ሁለቴ ጠበስነው። መግባት ካልቻላችሁ ለሠራተኛው ደውሉ፤ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ይኑር፣ ላፕቶፑ ውስጥ ከተቀበረ ዋጋ የለውም። ሲያልቅ የተቀነባበረውን ፋይል ቶሎ አውርዱ፣ ትንሽ ነው። ጥሬ ምስሎቹ ግን ከባድ ስለሆኑ ማታ ሰው ሲተኛ ለቀቅ አድርጋችሁ እደሩ። እዚያ ሰርቨር ላይ ለዘላለም አይቀመጡላችሁም።