ትንሿ ጀልባችሁ የት ትደር? ውሃ ላይ፣ ዳርቻ ወይስ ግቢ

ጀልባ ሊገዛ ያሰበ ሰው ስለ ሞተሩ ጉልበት ወር ሙሉ ያስባል። ማደሪያዋን የሚፈልገው ግን ገዝቶ ከመጣ በኋላ ነው። እባካችሁ ይህን ገልብጡት። የማወራው ባሕር ዳርና ዘጌ አካባቢ ጣና ላይ ለመዝናናት ስለሚነዱ ትንንሽ የፋይበር፣ የእንጨትና የጎማ ጀልባዎች ነው። ቱሪስት ጭነው ገዳማት የሚመላለሱት ሌላ ጣጣ አላቸው።

መጀመሪያ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትወጡ ለራሳችሁ በእውነት መልሱ። እሁድ እሁድ ብቻ ከሆነ ውሃ ላይ አታሳድሯት። ዝም ብላ የቆመች ጀልባ ሆዷ አረንጓዴ ያበቅላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ክፍት ጀልባ የሌሊቱን ዝናብ ትጠጣለች፣ ጠዋት መጥቶ ውሃውን የሚቀዳላት ሰው ከሌለ ከነሞተሯ ልትሰጥም ትችላለች። ውሃ ላይ ማሳደር የሚያዋጣው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ለሚወጣ፣ ያውም አጠገቧ ሰው ላለው ነው። የደንገል ታንኳ ባለቤቶችን ተመልከቱ። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ቀዝፈው ሲጨርሱ ታንኳዋን አውጥተው ያደርቋታል።

ዳርቻ ላይ ቦታ ልትከራዩ ከሆነ በአንድ ጉብኝት አትወስኑ። ጣና ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አይቆምም። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ የነበረው ውሃ ግንቦት መጨረሻ ላይ ከአንድ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ያለው የጨረጨራ ግድብ በሮች አከፋፈትና ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሚወስደው ውሃም ይጨመርበታል። አንድ ሜትር ትንሽ ይመስላል፣ ግን ዳርቻው ሜዳ ከሆነ ውሃው ብዙ ርቀት ይሸሻል፣ እናንተም ጀልባዋን በጭቃ ላይ መጎተት ነው። ግልገል አባይ ደለሉን የሚያራግፍበት አካባቢ በዚህ ይብሳል። ስለዚህ አከራዩን ሳይሆን እዚያው የሚውለውን ዓሣ አስጋሪ «አያ፣ ግንቦት ላይ ውሃው የት ድረስ ይሸሻል? መስከረምስ የት ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁት። በእጁ ያሳያችኋል። ከላይኛው ምልክት በላይ የምታሳድሩበት፣ ከታችኛውም ሳትለፉ ውሃ የምታስገቡበት ቦታ ካገኛችሁ ያዙት።

ሁለተኛው ነገር ነፋስ ነው። ጣና ሰፊ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ትልቅ በሚባለው ቦታ እንኳን 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ቶሎ ከፍ ይላል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚነፍሰው ደግሞ የታሰረችን ጀልባ ከድንጋይ ጋር ሲያጋጭ ይውላል። ቦታውን ጠዋት ሳይሆን አሥር ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እዩት። ደንገል የከበበው ጥግ ጥሩ ነው፣ ሞገዱን ያበርዳል። መግቢያ ለመክፈት ብላችሁ ግን አትጨፍጭፉት። ዓሣውም ወፉም የሚራባው እዚያ ነው፣ ከለላውንም የምታጡት እናንተው ናችሁ።

አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት በደብረ ማርያም በኩል ውሃው ጸጥ ስለሚል ያጓጓል። እኔ አልመክርም። ጉማሬ አለ፣ ማታ ማታ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል። ገመድ ከተፈታም ወራጁ ጀልባዋን ይዟት ይሄዳል።

ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው የግቢ ወይም የዳርቻ አጥር ውስጥ ነው። ጀልባዋን ገልብጣችሁ አጣና ላይ አስቀምጧት፣ አፍንጫዋ ትንሽ ከፍ ይበል፣ ከሥሯ አየር ይለፍ። መሬት ላይ የተኛች የእንጨት ጀልባን ምስጥ ይጨርሳታል። ፋይበርና ጎማን ደግሞ ፀሐይ ነው የሚያነጫቸውና የሚሰነጥቃቸው፤ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆናችንን አትርሱ፣ ፀሐዩ ይበረታል። ሸራ አልብሷት፣ ግን እንዳይታፈን ከዳር ዳር ክፍት ተዉት። ሞተሩንና ባትሪውን ፈታችሁ ቤት አስገቡ። ሌባ የሚመጣው ለሞተሩ ነው።

መርዓዊ፣ ዳንግላ ወይም ደብረ ማርቆስ ለምትኖሩ የጎማ ጀልባ ይሻላችኋል። መኪና ላይ ተጭና ትመጣለች፣ ኪራይም ዘበኛም አትፈልግም። ሳትደርቅ ብቻ አትጠቅልሏት፣ አይጥ የማይገባበት ክፍልም ስጧት።

ጀልባ ከውሃ ወደ ውሃ የምታዘዋውሩ ሁሉ ደግሞ እምቦጭን አስቡ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የጣናን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ምን እንዳደረገው አይተናል። ቁራጩ እንኳን ይበቅላል። ወደ ዘንገና ወይም ወደ ሌላ ሐይቅ ከመውሰዳችሁ በፊት ሆዷን፣ ገመዱንና የሞተሩን ፕሮፔለር ፈትሹ፣ እጠቡ፣ አድርቁ።

የጥበቃ ነገር ላይ አትሰስቱ። ዘበኛው ደመወዙን ከማን እንደሚቀበል፣ ማታ ነፋስ ቢነሳ ማን ገመዱን እንደሚያይ፣ ዝናብ ሲጥል ማን ውሃውን እንደሚቀዳ ከአከራዩ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። ለዘበኛውም ስልካችሁን ስጡት።