ገና በ30ዎቹ የወር አበባሽ ከቀረ

እህቴ፣ ዕድሜሽ 40 ሳይሞላ የወር አበባሽ ለወራት ከጠፋ ወይም ከተዛባ፣ ሌሊት ላብ ካጠመቀሽ፣ «ጭንቀት ነው» ብለሽ አትለፊው። መጀመሪያ እርግዝና አለመሆኑን አረጋግጪ። ከዚያ የማህፀን ሐኪም ጋ ሄደሽ ኤፍኤስኤች የሚባለውን የሆርሞን ምርመራ ጠይቂ። ታይሮይድም አብሮ ይታይ።

ያለ ዕድሜ ማረጥ ከሆነ ችግሩ ላቡ ብቻ አይደለም። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ አጥንት ይሳሳል፣ ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድልም ይጨምራል። ስለዚህ እንደ ጡት ካንሰር ያለ የሚከለክል ነገር ከሌለ፣ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ እስከ 50 ዓመት አካባቢ ሆርሞን ያዛሉ። ስሙን ሰምተሽ አትደንግጪ፤ በዚህ ዕድሜ ሰውነትሽ ሊኖረው የሚገባውን መመለስ ማለት ነው።

ደግሞ መውለድ ካልፈለግሽ መከላከያሽን አትተዪ። እንቁላል አልፎ አልፎ ሊወጣ ይችላል፤ ሳያስቡት ያረገዙ አሉ።