በጸሎት፣ በቡናና በመርዶ መሐል የገባው ስልክ፦ ልናርማቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስልክ ሳይገባበትም ቤታችን የራሱ ሥርዓት ነበረው። ለጸሎት የምንነሣበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ መርዶ የሚነገርበት ሰዓት ነበር፤ አሁንም አለ። ስልኩ ሲመጣ ግን የራሱን ሰዓት፣ የራሱን ቀን መቁጠሪያና የራሱን ችኮላ ይዞ መጣ። በእኔም ሆነ በጎረቤቶቼ ቤት ያየኋቸው ስህተቶች ብዙዎቹ ከዚህ የሚነሡ ናቸው፤ ስልኩን ለሥርዓታችን ማስገዛት ሲገባን ሥርዓታችንን ለስልኩ ለቀንለታል።

አላርሙን በእኛ ሰዓት አስቦ በስልኩ ሰዓት መሙላት

አንድ ጊዜ ለኪዳን ልነሣ ብዬ አላርሙን «11:00» ላይ ሞልቼ ተኛሁ። የነቃሁት ፀሐይ በመስኮት ከገባ በኋላ ነው። ስልኩ የጮኸው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ ቢሮ ስብሰባ ተቀምጬ ሳለ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለስልኩ 5:00 ነው፤ ረፋድ 5 ሰዓት ደግሞ ለስልኩ 11:00 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ስለሚለዋወጡ እንቅልፍ የተጫነው ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

የ6 ሰዓቱን ልዩነት ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚያመልጠን ቀኑ ነው። ስልኩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀን ይቀይራል፤ እኛ ግን በአነጋገራችን እስኪነጋ ድረስ ሌሊቱን ካመሸው ቀን ጋር እንቆጥረዋለን። «ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት ማኅሌት አለ» ሲባል ለስልኩ እሑድ 3:00 ነው። አላርሙን ሳምንታዊ አድርጋችሁ ቅዳሜ ላይ ምልክት ካደረጋችሁ አንድ ሌሊት ቀድሞ ይጮኻል፤ በሚፈለግበት ሌሊት ዝም ይላል። በዚሁ ስህተት አውሮፕላን ያመለጣቸው ሰዎች አውቃለሁ። ቲኬቱ «ሐሙስ 1:30» ካለ የሚነሣው ረቡዕ ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነውና ከቤት የሚወጣው ረቡዕ ማታ ነው። ቲኬቱ እጃችሁ በገባበት ዕለት በእኛ አነጋገር ወረቀት ላይ ጻፉትና ፍሪጁ ላይ ለጥፉት።

ሌላም አለ። ጎረቤታችን ለፈጅር ሶላት የሚያነቃው የአዛን አፕ ለሳምንት ያህል ዝም ብሎበት ተቸግሮ ነበር። ስልኩን ስናየው ባትሪ ቆጣቢው በርቶ አፑን ሌሊት ሌሊት እያስተኛው ኖሯል። ከቅንብሩ ገብተን ለዚያ አፕ ብቻ ገደቡን ስናነሣለት ተስተካከለ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ያደረ የመሰለን ስልክ ባትሪው አልቆ ሊያድር ይችላል፤ አብዛኛው ስማርት ስልክ ከጠፋ አላርሙም አብሮ ይጠፋል። እኔ አሁን በድንጋይ የምትሠራ የጠረጴዛ ሰዓት ገዝቻለሁ። በእኛው አቆጣጠር ስለሞላኋት 11 ሰዓት ስትል 11 ሰዓት ነው።

ወርኃዊውን በዓል በፈረንጅ ወር ማስታወስ

ብዙ ሰው የማኅበሩን ወይም የዝክሩን ቀን በስልኩ ላይ «በየወሩ አስታውሰኝ» ብሎ ይሞላል። መስከረም 21 በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 1 ላይ ይውላልና በየወሩ በ1 እንዲያስታውሰን እናደርጋለን። የእኛ ወር ግን ሁልጊዜ 30 ቀን ነው፤ የእነርሱ አንዴ 30፣ አንዴ 31፣ ፌብሩዋሪ ሲደርስ 28 ወይም 29 ይሆናል። ስለዚህ የጥቅምት 21 ማርያም ኦክቶበር 31፣ የኅዳር ጽዮን ኖቬምበር 30፣ የታኅሣሥ 21 ዲሴምበር 30፣ የጥር አስተርዮ ጃንዋሪ 29 ላይ ይውላሉ። በፌብሩዋሪ 1 ስልኩ ሲያስታውሳችሁ አስተርዮ ካለፈች ሦስት ቀኗ ነው።

የሚሻለው የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ አፕ መጫን ነው። እሱ ካልተመቻችሁ ማስታወሻውን «በየወሩ» ሳይሆን «በየ30 ቀኑ» አድርጉትና መስከረም ሲገባ እንደገና ሙሉት፤ ጳጉሜን ስትገባበት ቁጥሩ ይዛነፋልና። ዘመነ ሉቃስ ሲሆን ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። 2015 ዓ.ም. እንዲያ ስለነበረ የ2016 አዲስ ዓመት የገባው ሴፕቴምበር 12 ነበር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የወረቀት ቀን መቁጠሪያ ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቅም፤ ለዚህ ነው እስካሁን ከወጥ ቤታችን ያልወረደው።

ዳዊትን ከስልክ ስናነብ ልጆቻችን የሚያዩትን መርሳት

ጸሎትን ከስልክ ማንበብ ስህተት ነው አልልም። ሌሊት ተረኛ ለሆነች ነርስ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ለቆመ፣ መጽሐፉን ለማያገኝ ስደተኛ ትልቅ በረከት ነው። ስህተቱ ዳታውን እንዳበራን መጀመራችን ነው። ከሰኞው ውዳሴ ማርያም ገና ግማሽ ሳንደርስ ከላይ የቴሌግራም መልእክት ይወርዳል፤ ዐይናችን ያነበዋል፤ አፋችን ይቀጥላል። ሲጸልዩ እልፍኝ ገብቶ በር መዝጋት ነው የተባልነው። የወረደ ጸሎት ያለ ኢንተርኔት ይነበባልና ከ«በስመ አብ» በፊት ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት። ይኸው ነው በሩ።

ለእኔ ግን ይህ አልበቃኝም። አንድ ጠዋት የሰባት ዓመት ልጄ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «እማዬ፣ እየጸለይሽ ነው ወይስ ስልክ እያየሽ ነው?» አለችኝ። እየጸለይኩ ነበር። እሷ ግን በምን ትወቀው? አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዳዊቷን ከቆዳው ማኅደር ስታወጣ፣ ገጹን ስማ ስትከፍት እኛ ማንም ሳይነግረን ድምፃችንን እንቀንስ ነበር። ከስልክ የሚጸልይና ስልክ የሚነካካ ሰው አቀማመጣቸው አንድ ነው፤ አንገታቸው ደፍቷል፣ አውራ ጣታቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ የማነበው ከመጽሐፉ ነው። ስልኩን ለመንገድ አስቀርቼዋለሁ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ከልጆቻቸው ጋር ሲቀመጡ ቁርኣኑን ከመደርደሪያ አውርደው የሚቀሩት ለዚሁ ይመስለኛል።

በሌሊት መደወል

ውጭ ያላችሁ ይህችን ልብ በሉ። ዋሽንግተን በበጋው ከምሽቱ 8:00 ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። እናቴ በሌሊት ስልክ ሲጮኽ የመጀመሪያ ቃሏ «ማን ሞተ?» ነው፤ የናፍቆት ጥሪ ሆኖም እስኪነጋ ልቧ አይመለስም። ልዩነቱ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው፤ የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ስለማይለወጥ ኖቬምበርና ማርች ላይ አስታውሱት። እዚህ ያለን ደግሞ ሌሊት ስልኩን «አትረብሹኝ» ላይ ብናደርገው አስቸኳይ ጥሪ አያመልጠንም፤ የእናትን ቁጥር ለይቶ ማስፈቀድ ይቻላል፣ አንድ ሰው ደጋግሞ ሲደውልም እንዲያልፍ የሚያደርግ ምርጫ አለው።

መርዶን በፌስቡክ ማስቀደም

ከሁሉ የሚያመኝ ይህ ነው።

መርዶ በእኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። ሰው በሩቅ ሲሞት ዘመድና ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል። ይመካከራል። ደም ግፊት አለባት ወይ፣ ስኳር አለባት ወይ ብሎ ይጠይቃል። የንስሐ አባቷን ያስጠራል። ከዚያ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይበተን፣ በሩ ይንኳኳል። ስትከፍት ብዙ ሰው ቆሟል። ቃል ከመውጣቱ በፊት ትረዳለች፤ ስትወድቅ ግን የሚይዛት እጅ አለ። ይህ ሁሉ መመካከርና መሰባሰብ ለዚያ እጅ ሲባል ነው። ውጭ ያሉ ወገኖቻችንም አልተዉትም፤ ከሥራ እስክትመለስ ጠብቀው፣ ምግቡን አዘጋጅተው፣ ተሰብስበው ነው ቤቷ የሚሄዱት።

ከግድግዳችን ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ወንድሟ አረብ አገር ሞተ። እኛ የሰማነው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ለንጋት 11 ሰዓት ተቀጣጠርን፤ ንፍሮ የምትቀቅለው፣ ቡና የምታመጣው ተለየች፤ እድሩ ድንኳኑን አዘጋጀ። ማታ 3 ሰዓት ገደማ ወጥ ቤት ሳለሁ ጩኸቷን ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ቢላዋው መሬት ወድቋል። ግማሹ የተከተፈ ሽንኩርት መክተፊያው ላይ ነው፤ ከጎኑ ስልኩ እንደበራ ነው። የወንድሟ ፎቶ፣ ከሥሩ የበራ ሻማ፣ «ነፍስህን ይማር ወንድሜ» የሚል ጽሑፍ። ባሏ ገና አልገባም። ትንሹ ልጇ ቀሚሷን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። የለጠፈው ሰው ክፉ አስቦ አልነበረም፤ አብሮት የሠራ ወዳጁ ነው፣ አዝኖ ነው የጻፈው። ግን እኛ ለአምስት ሰዓት የተጠነቀቅንላትን ነገር ብቻዋን፣ ከሽንኩርት ጋር ተቀበለችው።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን የምንጠብቃቸው ነገሮች አሉ። የሞተ ሰው ወሬ የደረሰው ማንም ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ቤተሰቡ ተረድቷል ወይ?» ብሎ ነው። እናት፣ አባት፣ ሚስት ወይም ባል፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት እስኪረዱ ምንም አይለጠፍም። የፕሮፋይል ፎቶን በሻማ መቀየርም መለጠፍ ነው፤ ስታተስም እንዲሁ። በቤተሰብ ግሩፕ ውስጥም አይጻፍም፤ ያልተረዳችው እዚያው ግሩፕ ውስጥ ናትና። ለመመካከር እየደወሉ መነጋገር ይሻላል። እስኪነጋም ከቤቷ ሰው አንዱ ዋይፋዩን ያጠፋል፣ ወይም ስልኳን በሰበብ ይወስዳል። ይህን ማታለል ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ አባቶቻችንም መንገድ ላይ ያገኙትን ሐዘንተኛ በሰበብ ወደ ቤቱ ይመልሱት ነበር።

ለቅሶ መድረስ ያልቻለ ሰውም በጽሑፍ ብቻ ባይወሰን እመኛለሁ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚለው በድምፅ ሲሆን ሌላ ነው። ደውሉ፤ ካላነሣች በሌላ ቀን ደውሉ፤ ሰልስትና አርባ አለ።

በጾም ሁሉንም አጥፍቶ በፋሲካ ሁሉንም መመለስ

በዐቢይ ጾም ማኅበራዊ ሚዲያ የሚጾሙ ወጣቶች እየበዙ ነው፤ ደስ ይለኛል። ግን አንዷ ወዳጄ ከፌስቡክና ከቲክቶክ ጋር ቴሌግራሙንም አጠፋችና የእድሩን መልእክት ሳታይ የጎረቤቷ ቀብር አለፋት። የሰው ጉዳይ የሚመጣበትንና ማለቂያ የሌለው ቪዲዮ የሚመጣበትን መለየት ያስፈልጋል። የእድር፣ የትምህርት ቤት፣ የቤተሰብ ይቆይ፤ ሌላው ይውጣ።

ሌላው ስህተት ባዶውን ሰዓት አለማየት ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የምሳ ሰዓቱ ባዶ ይቀራል፤ ባልደረቦቹ ወጥተዋል፣ እጁ ወደ ስልኩ ይሄዳል። 55 ቀን ሙሉ ያቺ ሰዓት ለስልክ ከተሰጠች ጾሙ ስልኩን መገበ ማለት ነው። ቀትር የስቅለት ሰዓት ናት። አጭር ጸሎት፣ ከዚያ የእግር መንገድ፣ ወይም ሁልጊዜ «ጊዜ የለኝም» ብለን የምናቆየውን ያንን አንድ ሥራ በዚያች ሰዓት ማስገባት ይቻላል። እኔ ያለፈውን ጾም የቆየ የቢሮ ሪፖርቴን በየቀኑ በዚያች ሰዓት ጥቂት ጥቂት እየጻፍኩ ጨረስኩት።

ከልጆች ስልክ ቀምቶ የራስን ይዞ መቀመጥ

ይህ ብዙ አያስወራም። በእኛ ቤት አቦል ሲቀዳ ሁሉም ስልኩን ሙዳዩ ውስጥ ያስገባል፣ የአባትየው ስልክ መጀመሪያ። በረካ ሲጠጣ ይመለሳል።

ድምፅና ፎቶን በአንድ ስልክ ላይ ብቻ መተው

አባቴ ከማረፉ በፊት በነበረው ዓመት በዓል ሲመርቀን የቀዳሁት አርባ ሰከንድ ያህል ድምፅ ነበረኝ። ስልኬ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። ስልኩ ተተክቷል፤ ያ ድምፅ ግን የትም አልነበረም።

ጉግል ፎቶስ ላይ 15 ጊጋባይት ድረስ በነፃ ይቀመጣል፤ ጂሜይልና ድራይቭ ይህችኑ ቦታ ስለሚጋሩ ግን የማይጠቅመውን መሰረዝ ያስፈልጋል። ዳታ የሚቆጥብ ሰው ዋይፋይ ሲያገኝ ብቻ እንዲጭን ያድርገው። በጣም የምትወዱትን ጥቂቱን ደግሞ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፤ ስልኩ ቢጠፋ በዚያው ቁጥር ሌላ ስልክ ላይ ሲከፈት ይገኛል። የቴሌግራሙን ሁለተኛ ፓስወርድ አብሩና ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ሜሞ ውስጥ አትጻፉት፣ የስልኩ ሌባ የሚከፍተው እሱኑ ነው።

የእናቴን ምርቃት በእንቁጣጣሽ ዕለት ቀድቻለሁ። ሦስት ደቂቃ ይሆናል፤ መሐል ላይ የሲኒ ድምፅና የጎረቤት ልጆች አበባየሆሽ ይሰማል። ጉግል ላይ አለ፣ ቴሌግራሜ ላይ አለ፣ ታላቅ እህቴም ስልኳ ላይ አስቀምጣዋለች።