ብርድ ሲመጣ ቡታጋዝ ቶሎ እንዳያልቅ እንዴት ይደረጋል (ለሀዋሳ ቤት)

ሀዋሳ ላይ የቤት ማሞቂያ ያለው ሰው ብዙም አላውቅም፣ ግን ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲደጋገም ሲሊንደሩ ከወትሮው ቀድሞ ያልቃል። ሰው "ብርዱ ነው የሚጨርሰው" ይላል። ብርዱ ትንሽ እጅ አለበት፣ ዋናው ግን እኛው ነን፣ ሻይ በየሰዓቱ ይጣዳል፣ የልጆች መታጠቢያ ውሃ ይፈላል፣ ንፍሮ ያምረናል፣ ድስቱ ከወረደ በኋላም እጃችንን እያሞቅን እሳቱ ላይ እንቆማለን።

መጀመሪያ ምን ያህል ጋዝ እንዳላችሁ እወቁ። ሲሊንደሩ ላይ የባዶው ክብደት ተጽፏል፣ መዝናችሁ እሱን ስትቀንሱ የቀረው ጋዙ ነው። አዲስ ስትገዙም እዛው ሱቁ በር ላይ አስመዝኑ፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ። እያነቃነቁ መገመት ዋጋ የለውም።

ከዛ ጎማውና ሬጉሌተሩ የሚጋጠሙበትን ቦታ በሳሙና አረፋ ቀቡት፣ አረፋው እየተነፋ ከመጣ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አለ፣ ኧረ በፈጣሪ! ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው፣ ከሸተታችሁ መብራት እንኳን ሳታበሩ ሲሊንደሩን ዝጉና በር ክፈቱ።

እሳቱ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ጥላሸት ካለበሰው ጋዙ በደንብ እየነደደ አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ የገነፈለ ሽሮ ቀዳዳዎቹ ላይ ደርቆ ነው። ምድጃው ሲቀዘቅዝ በደረቅ ብሩሽና በቀጭን ሽቦ ጥረጉት።

አሁን ጋዝ በብዛት ወደሚባክንበት ነገር እንምጣ፣ እሱም የእሳት መጠን ነው። የሀዋሳ ከፍታ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 94 አካባቢ ነው። ቦሎቄ አልበስል ብሎ የሚያበሳጨንም ግማሹ በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ አልበስል ሲል ምን እናደርጋለን? እሳት እንጨምራለን። አንዴ ከፈላ ውሃ ግን እሳቱን እጥፍ ብታደርጉት ከዛ በላይ አይሞቅም፣ የተጨመረው ጋዝ በሙሉ እንፋሎት ሆኖ ኮርኒሱን ያረጥበዋል፣ ውሃው ያልቃል፣ እንደገና ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመራል፣ እንደገና እስኪፈላ ይጠበቃል።

ስለዚህ እስኪፈላ ድረስ በደንብ አንድዱት፣ እሳቱ ግን ከድስቱ ቂጥ አይውጣ፣ ጎኑን እየላሰ ወደ ላይ የሚወጣው ኩሽናውን እንጂ ወጡን አያሞቅም። ልክ ሲፈላ ቀንሱት። ልኩን የምታውቁት በክዳኑ ነው፣ ጠርዙ ላይ ስስ እንፋሎት ብቅ እያለ ክዳኑ ዝም ካለ ይበቃዋል፣ ክዳኑ እየዘለለ ካንኳኳ አሁንም በዝቷል። ክዳን የሌለው ድስት በክረምት መጣድ በቃ ይቅር፣ ልኩ ከጠፋ ትሪ ድፉበት።

ቦሎቄና ሽንብራ ማታ ተዘፍዝፎ ይደር። እናቴ ሳትዘፈዝፍ አትተኛም ነበር፣ የዛሬ ሰው ግን ሲርበው ነው የሚያስታውሰው። ፕሬዠር ኩከር ካላችሁ በጣም ጥሩ፣ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው የከፍታውን ነገር ያስረሳል፣ እሱም ቢሆን ማፏጨት ሲጀምር እሳቱ ይቀነስለት። ከሱቅ የሚሸጡትን "ጋዝ ቆጣቢ" ቀለበቶች እኔ ብር አላወጣባቸውም፣ በዛ ብር ጥሩ ፔርሙስ ግዙ። ሻይ ጠዋት አንዴ ይፈላና እዛ ይገባል። ምስርና ሩዝም በደንብ ከፈሉ በኋላ ድስቱን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላችሁ ብታስቀምጡት በራሱ ሙቀት ብስለቱን ይጨርሳል። ቦሎቄን ግን በዚህ አትሞክሩት፣ በደንብ ፈልቶ ካልበሰለ ሆድ ያማል።

ቤት ለማሞቅ ምድጃ ከፍቶ መተው አይሆንም፣ ከሰልማ ጭራሽ። "ፍም ከሆነ፣ ጭስ ከሌለው ችግር የለውም" የሚባለው ውሸት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም አይሸትም፣ በተዘጋ ክፍል ተኝቶ የቀረ ሰው ታሪክ በየሰፈሩ አለ። ከመተኛታችሁ በፊት ከሰሉ ውጭ ይውጣ፣ ዝናብ ቢዘንብም ይውጣ።

ቤቱ ራሱ ሙቀት እንዲይዝ ከተፈለገ ከሁሉም በፊት ኮርኒስ ነው፣ ባዶ ቆርቆሮ ማታ ሙቀቱን በሙሉ ይለቀዋል። ከበር ስር ያለውን ክፍተት በተጠቀለለ ጨርቅ ዝጉ፣ ምድጃ የሚነድበት ክፍል ግን አየር ማስገቢያ ይኑረው። እና ደግሞ ሀዋሳ ላይ ሌሊቱ የሚከፋው በክረምት ሳይሆን ህዳርና ታህሳስ ነው፣ ደመና ስለማይኖር የቀኑ ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጣል። ያኔ ቀን መጋረጃውን ገልጣችሁ ፀሐይ ወለሉን ታሙቀው፣ ከ11 ሰዓት በኋላ መስኮቱንም መጋረጃውንም ዝጉ።