በጥቅምት ወሎ ላይ ድንኳን ተክሎ ለማደር ስታስቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከመስቀል በኋላ ያለው ወሎ ሰውን ቤት አያስቀምጥም። ዝናቡ ጋብ ይላል፣ ጉሙ ይገፈፋል፣ ከጦሳ ተራራ ጫፍ እስከ ቦርከና ወንዝ ድረስ ያለው አገር ታጥቦ የወጣ ይመስላል። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ የጓደኛ ቡድኖች በቴሌግራም «ቅዳሜ የት እንውጣ?» መባባል የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነው። ወቅቱ ግን ያማረውን ያህል ያዘናጋል። ቀን ሸሚዝ የሚያስወልቀው ፀሐይ ማታ የለም። ለፎቶ የሚያምረው አረንጓዴ መሬት የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው። ለእናንተ የዕረፍት ወር የሆነው ለባላገሩ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው የሥራ ወር ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚሁ መዘናጋት ነው።

ቦታውን በፎቶ፣ ርቀቱን በምኞት መምረጥ

አንዱ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ፎቶ ይልካል፣ ሌላው የቦረና ሳይንትን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ። ሁለቱም መታየት አለባቸው፣ ግን በቅዳሜና እሁድ አይደለም። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ ነው። ላስታ ድረስ ተጉዞ፣ ወጥቶ፣ አድሮ፣ ወርዶ ሰኞ ጠዋት ቢሮ መግባት በወረቀት ላይ ብቻ ያምራል። ቦረናም ከደሴ መኪና ላይ ግማሽ ቀን የሚያስቀምጥ አገር ነው።

እኔ የምከተለው መለኪያ ቀላል ነው፦ መኪና ላይ የምትቀመጡት ሰዓት በእግር ከምትሄዱት ከበለጠ ቦታውን ለረጅም በዓል አቆዩት። ለሁለት ቀን ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐይቅ ከተማና ሐይቋ፣ ከጎኑ ያለው የአርዲቦ ሐይቅ፣ ከከተማው በእግር የሚወጣው ጦሳ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የየጎፍ ተራራ ከበቂ በላይ ናቸው።

ከአዲስ አበባ ለምትመጡ ደግሞ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ቅዳሜን መንገድ ይበላዋል፣ እሁድንም እንዲሁ። ወይ አርብና ሰኞን ፈቃድ ጠይቁ፣ ወይ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ውረዱ። በአውሮፕላን ከመጣችሁ የምግብ ማብሰያ ትንሿን የጋዝ ሲሊንደር ይዛችሁ መሳፈር አትችሉም። ከመነሳታችሁ በፊት ወሎ ላይ ካለ ወዳጅ ጋር ተነጋግራችሁ ምድጃ አዘጋጁ።

ቀን ሲቆርጡ የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ቀን አለማየት

መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው። ከአራቱም ማዕዘን የሚጎርፈው ምእመን በደሴ በኩል ሲያልፍ መኪናም አልጋም ይጠፋል። በዚያ ሰሞን ለሽርሽር ሚኒባስ ኮንትራት እንይዛለን ብሎ መነሳት ዋጋውን ሲሰሙ መደንገጥ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር መጀመሪያ የጽጌ ጾም አለ። የፈቃድ ጾም ስለሆነ ከቡድኑ ማን እንደሚጾም ካልጠየቃችሁ አታውቁም። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ ያ የሁሉም ነው።

በአየሩ በኩል መስከረም ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ገና አያስተማምንም፣ ቁልቁለቱም ያንሸራትታል። ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ደጋው ላይ ውርጩ ይበረታል። እኔን ብትጠይቁኝ ከጥቅምት 10 እስከ ኅዳር 10 ያሉት ቅዳሜና እሁዶች ምርጦቹ ናቸው።

ምግቡን «እዚያው እናየዋለን» ማለት

ወሎ ውስጥ አሥር ጓደኛ ከተሰበሰበ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለበት። አብሮ ያደገ፣ በሠርግም በሐዘንም አንድ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። ሥጋው ላይ ግን ሁሉም የየራሱን ይበላል። ይህን ሁሉም እያወቀው ነው እንግዲህ አንዱ ቅዳሜ ጠዋት በግ ጎትቶ የሚመጣው። «ማን ይባርከው?» የሚለው ጥያቄ ሜዳ ላይ ሲነሳ ማንም አይጣላም፣ ግን ግማሹ ሰው «እኔ አልራበኝም» ብሎ ዳቦ ሲቆርስ ያመሻል። ያ ሜዳው ላይ ከሚደርስባችሁ ብርድ የባሰ ነው።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሁለት በግ፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ብረት ድስት ነው። ቡድኑ ትልቅ ከሆነና ማደሪያችሁ መኪና የሚደርስበት ከሆነ ይሠራል። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ሥጋውን ለከተማ ትቶ የጾም ምግብ መያዝ ነው፦ ሽሮ፣ ድንች፣ ጎመን፣ እንጀራ፣ ድፎ ዳቦ፣ ለመንገድ በሶና ቆሎ። አርብ ማታ ከተነሳችሁ ለጿሚው ይሆናል፣ የጽጌ ጿሚም አይቸገርም፣ ሙስሊሙም ድስቱን አይጠራጠርም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚል ካለ እሁድ ከተማ ስትገቡ ሁሉም በየፊናው ይብላ።

የደጋው ምድጃ ሌላ ጠባይ አለው። ወደ 3,000 ሜትር ስትጠጉ ውሃ በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፈላ ማለት በሰለ ማለት አይደለም። ክክ ወይም ባቄላ ጥዳችሁ ማገዶው አልቆ ክኩ አሁንም ጥሬ ይሆናል። ሽሮ ግን አያሳፍርም። ምስር ካስፈለገ ቤት ቀቅላችሁ ውሰዱ።

ውሃውም ሲሰላ የሚረሳ ነገር አለ። ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ያዙ፣ በዚያ ላይ ለሚሰግዱት የውዱእ ውሃ ጨምሩ። በቀን አምስት ጊዜ ነው፣ ትንሽ አይደለም። ከምንጭ የሚቀዳ ከሆነ ለመጠጥ የሚሆነውን አፍሉት። እሁድ ጠዋት ማስቀደስ የሚፈልግ ካለም ከማታው ይናገር፣ የጉዞው ሰዓት በዚያ ልክ ይስተካከል። መጠጥ ይምጣ አይምጣ የሚለውንም ሐሙስ ጨርሱት፣ ቅዳሜ ማታ የሚደረግ ክርክር አይደለም።

ብርዱን በቀን ፀሐይ መለካት

በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ላይ በቲሸርት የተሳፈረ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ሜዳ ላይ ሲያድር በከፍታው ብቻ ሰባት ስምንት ዲግሪ ያጣል። ሰማዩ ደመና ስለሌለው ደግሞ ምድሩ የቀኑን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል። በክረምት ደመናው እንደ ጋቢ ይሸፍናችሁ ነበር፣ በጥቅምት ያ የለም።

ሰው ከላይ የሚደርበውን ያስብና ከታች የሚያነጥፈውን ይረሳል። ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነው። ቀጭን የስፖንጅ ፍራሽ ወይም ደረብ ያለ ምንጣፍ ከሁለተኛ ብርድ ልብስ ይበልጣል። ስሊፒንግ ባግ የሌለው ሰው ጋቢና ባና ይያዝ። የደጋ ሰው ባናን ሲሠራው ለዚሁ ሌሊት ብሎ ነው። ለመኝታ የሚሆን ደረቅ ካልሲ ለብቻ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ ቀን የለበሳችሁት ላብ ይዟልና። ድንኳኑን ከሸለቆው ወለል ላይ አትትከሉ። ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል፣ ጤዛውም ውርጩም እዚያ ይበረታል። ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከነፋስ ጀርባ የሆነ ቦታ ፈልጉ። ወንዝ ዳርም ቢሆን ከላይ ዝናብ ከጣለ በሌሊት ሊሞላ ይችላል።

አሁን ዋናውን ነገር፦ ከሰል ወደ ድንኳን አታስገቡ። «ትንሽ ይሙቅልንና እናወጣዋለን» የሚባለው ነገር ሰው ገድሏል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ እየመሰለ ይወስዳል። ድንኳኑን ገርበብ አድርጎ መተውም ዋስትና አይደለም። ለሚበርደው ሰው ውሃ አሙቃችሁ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልላችሁ ስጡት፣ እግሩ ሥር ያድርገው። ቡናው በእሳቱ ዳር ይፈላ፣ ሦስተኛው ጀባ ካለቀ በኋላ እሳቱ በውሃ ይጥፋ። ሳሩ በዚህ ወቅት ከላይ አረንጓዴ ይምሰል እንጂ ኅዳር ሲጠጋ ይደርቃል። ማገዶ ግዙ፣ ከደን አትቁረጡ። ጽዱ ወይ የቤተ ክርስቲያን ነው ወይ የመንግሥት፣ ባሕር ዛፉ ደግሞ ባለቤት አለው።

ማሳውን ባዶ ሜዳ አድርጎ ማየት

ጥቅምት ላይ ጤፉ ቆሟል፣ ደጋው ላይ ገብሱ እየደረሰ ነው፣ ሳሩ እንኳ ለከብት ድርቆሽ ተብሎ የተከለለ ነው። አጥር ስለሌለው የማንም አይደለም ማለት አይደለም። በበጋ የምታውቁት አቋራጭ አሁን የሰው እህል መሐል ያልፋል፣ በዳር ዙሩ። ማደሪያ ስትመርጡ መጀመሪያ ያገኛችሁትን ትልቅ ሰው ሰላም ብላችሁ «አባባ፣ እዚህ ብናድር ማንን እንጠይቅ?» በሉ። ወሎ ላይ ይህን ለጠየቀ ሰው ቦታ ብቻ ሳይሆን ቡናም ይቀርባል። ሳይጠይቁ የተከሉት ድንኳን ግን የሌሊት ውሻ ይጠራል። ቦታውን የሰጣችሁን ሰው ልጅ ወይም አንድ የአካባቢ ጎልማሳ በጥበቃነትና በመንገድ መሪነት ብትቀጥሩ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል፣ እናንተም በሰላም ታድራላችሁ።

የሰላሙ ነገር በግልጽ ይነገር። ሁኔታው ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ ባለፈው ወር የሄደ ሰው ያለው መረጃ አይበቃም። በተነሳችሁበት ሳምንት ለወረዳውና ለቀበሌው ደውሉ፣ ስማችሁን አስመዝግቡ፣ መታወቂያ ያዙ። «አይ፣ ሰሞኑን ይቅርባችሁ» ካሏችሁ አትከራከሩ። ጦርነቱ በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ባለፈባቸው ኮረብቶችና ምሽጎች ላይ ደግሞ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። ከተለመደው የእግር መንገድ አትውጡ፣ ብረት የመሰለ ነገር ካያችሁ አታንሱ፣ ፎቶ ለማንሳትም አትቅረቡ፣ ለቀበሌው አሳውቁ።

ሁሉም ያመጣል ብሎ ሁሉም አለማምጣት

አራት ኪሎ ስኳር፣ ዜሮ ክብሪት። ዝርዝሩን አንድ ሰው ይጻፈው፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን ስም ይቀመጥ። መዋጮውም እስከ ረቡዕ ይሰብሰብ። «እመጣለሁ» ያለ ሁሉ አይመጣም፣ ቀብድ የከፈለ ግን ይመጣል። የሚኒባሱን ሒሳብ ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ላይ እንደ አዲስ ማካፈል ገና ሳይነሱ መኮራረፍ ነው።

መጸዳጃን ማንም አያነሳውም

ሰው ያፍራል። ሴቶች ያሉበት ቡድን ከሆነ ከሁሉም የሚቸገሩት እነሱ ናቸው፣ ከመጠየቅ ይልቅ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ። አንድ አካፋ ያዙ፣ ከምንጭና ከወንዝ ራቅ አድርጋችሁ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ በነጠላ ወይም በሸራ ጋርዱ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

በጎበዙ ሰው እግር መጓዝ

በየቡድኑ ፍየል የሆነ አንድ ሰው አለ፣ ወደ ላይ ሮጦ ከድንጋይ ላይ ቆሞ «ምን ሆናችሁ?» የሚል። እሱን ከኋላ አድርጉት። ከፊት የሚመራው መካከለኛው ሰው ይሁን፣ መጨረሻውን የሚዘጋው ደግሞ መንገዱን የሚያውቅ። ከቆላ ወይም ከኮምቦልቻ በታች የመጣ ሰው ከፍታው ላይ ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው «አብሽር፣ ትለምደዋለህ» ተብሎ አይገፋም፣ እንዲወርድ ይደረጋል፣ አንድ ሰውም አብሮት ይውረድ።

ጀንበር የምትጠልቀው ማታ 12 ሰዓት ገደማ ነው፣ ከተራራ በስተምሥራቅ ከሆናችሁ ጥላው ቀድሞ ይመጣል። ድንኳኑ እስከ 10 ሰዓት ተተክሎ ማለቅ አለበት። ስለዚህ መነሻው ጠዋት 12 ሰዓት ከተባለ በ12 ነው፣ ቁርስ በልቶ 2 ሰዓት ላይ የሚደርሰውን የሚጠብቅ ቡድን ሽሮውን በባትሪ ብርሃን ያማስላል። ጫማውም አዲስ አይሁን። የስልክ ኔትወርክ ሸለቆ ሲገባ ይጠፋልና ቤት ለቀረ አንድ ሰው የት እንደምታድሩና መቼ እንደምትመለሱ ነግራችሁ ውጡ።

ገዳሙን የሽርሽሩ ማረፊያ ማድረግ

ሐይቅ የሚሄድ ሁሉ እስጢፋኖስን ማየት ይፈልጋል፣ ማየትም አለበት። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ትልቅ የትምህርት ቦታ ያደረጉት ገዳም ነው። ነገር ግን ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም። ይህን በሩ ላይ ደርሶ መስማት ግማሹን ቡድን ፀሐይ ላይ ያስቀምጣል፣ አስቀድማችሁ ለሴቶቹ በሐይቁ ዳር ሌላ ነገር አዘጋጁ። ድንኳን፣ ሙዚቃ፣ ቁምጣ ከግቢው ይራቁ። በየመንገዱ የምታገኟቸው የሼሆች ደሪህም (የመቃብር ስፍራ) እንደዚሁ ነው፣ ጫማ ይወልቃል፣ ፎቶ በፈቃድ ነው። ሐይቁ ጥልቅ ስለሆነ ዋና የማያውቅ ሰው በታንኳም ቢሆን ያለ ባለታንኳው አይግባ።

እሁድን እስከ ጥግ መጠቀም

እሁድ ከሰዓት «ትንሽ እንቆይ» የሚለው ሰው ሰኞ ፈቃድ ያለው ነው። ድንኳኑ በጤዛ ስለሚርስ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፣ ርጥቡን ከጠቀለላችሁት ይሻግታል። በዚያ መሐል ቆሻሻው ይሰብሰብ። የውሃ ጠርሙስና ፌስታል ከብት ይበላዋል፣ በሬውም የዚያው ማደሪያ ቦታ የሰጣችሁ ሰው በሬ ነው። ተሸክማችሁ ከተማ አድርሱት። ሾፌሩን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንዲመጣ ቅጠሩት፣ የሐይቅ መንገድ አስፋልት ቢሆንም ማታ ላይ ከብትና እግረኛ ይበዛበታል። የተረፈ መዋጮ ካለ መኪናው ውስጥ ሳላችሁ ቆጥራችሁ አካፍሉ።