በአፈሙዝ ለሚጎርስ ጠመንጃ ድቡልቡል አረር እንዴት ይሠራል?

በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ዒላማ ሲስት ብዙ ሰው ባሩዱን ይቀያይራል፣ ማነጣጠሪያውን ይነካካል። እኔ ግን መጀመሪያ አረሩ ይታይ እላለሁ። ከላይ ሲያዩት ያማረ አረር ውስጡ ባዶ ቦታ ይዞ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ሚዛኑን ስቶ ስለሚሽከረከር ቀጥ ብሎ አይሄድም።

እርሳሱ ንጹህና ለስላሳ ይሁን። አረሩ በርሜል ውስጥ የሚገባው በቅባት ከራሰ ጨርቅ ጋር ነው። ለስላሳ ከሆነ ጨርቁ በደንብ ይይዘዋል፤ የበርሜሉን ጠመዝማዛ መስመር ተከትሎም ይሽከረከራል። የመኪና ጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ አንቲሞኒ የሚባል ማጠንከሪያ ንጥረ ነገር ስላለበት ይጠነክራል፣ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ለመለየት በአውራ ጣት ጥፍር ይጫሩት። ንጹህ እርሳስ ጭረቱን ይቀበላል። የባትሪ እርሳስ ግን በፍጹም አይነካ፤ መርዛማ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል።

ቀጥሎ ልኩ ነው። ጨርቁም ቦታ ስለሚፈልግ አረሩ ከበርሜሉ ትንሽ ማነስ አለበት። ለ50 ካሊበር፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር ለሆነ በርሜል፣ የተለመደው ወደ 12.45 ሚሊሜትር የሚጠጋ አረር ነው። ቅርጽ ማውጫውን፣ ማለትም የቀለጠው እርሳስ የሚፈስበትን ተከፋች ብረት፣ ሲገዙ ይህን አይተው ይግዙ።

እሳት ከማንደድዎ በፊት ስለ ውሃ ላስጠንቅቅ። የቀለጠ እርሳስ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሃ ከገባች ወዲያው እንፋሎት ትሆንና እርሳሱን ፊት ላይ ትረጨዋለች። ስለዚህ ዝናብ በሚያሰጋበት ቦታ አይሥሩ። ጭልፋውንም ሆነ የሚጨምሩትን እርሳስ አስቀድመው አሙቀው ያድርቁ። መነጽር፣ የቆዳ ጓንት፣ እጅጌው ረጅም ልብስና ድፍን ጫማ ግድ ነው። ሥራው አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች አይጠጉ። ድስቱ የብረት ይሁን፣ ከዚያ በኋላም ምግብ አይሠራበትም።

እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። ለማፍሰስ ግን ከ370 እስከ 430 ዲግሪ ባለው መካከል ቢይዙት ይሻላል። ሲቀልጥ ትንሽ ሰም ጣል ያድርጉበትና በብረት ማንኪያ ያማስሉት። ሰሙ ሊነድ ስለሚችል ፊትዎን ያርቁ። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ግራጫ ቆሻሻ ገፈው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡ። ብናኙ መርዝ ነው።

ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ዘይት እንዳይቀር አጥበው በደንብ ያድርቁት፤ ከዚያ ድስቱ ጠርዝ ላይ አስደግፈው ያሙቁት። የመጀመሪያዎቹ አረሮች ተጨማደው ቢወጡ አይገረሙ፤ ብረቱ ገና ስላልሞቀ ነው። ወደ ድስቱ ይመልሷቸው። ላያቸው በረዶ የነካው ከመሰለ ደግሞ ብረቱ ከልክ በላይ ግሏልና ትንሽ ይታገሱ። አንዴ ሙቀቱ ከተስተካከለ ሳይጣደፉ፣ ሳያቋርጡ በአንድ ፍጥነት ይቀጥሉ።

አሁን ዋናው ነገር። የቅርጽ ማውጫውን ቀዳዳ ሳያቆራርጡ ባንዴ ይሙሉት። ሞላ ብለው አያቁሙ፤ ከላዩ ባለው ቆራጭ ሳህን ላይ ትንሽ ትርፍ እርሳስ እስኪከመር ያፍስሱ። እርሳስ ሲረጋ ይኮማተራል፤ የጎደለውን የሚስበው ከዚያ ትርፍ ነው። ትርፍ ካጣ መሃሉ ባዶ ይቀራል። ጠጋ ሳይሉ ትርፉን ልብ ብለው ይዩት። መጀመሪያ ያብረቀርቃል። ከዚያ ድንገት ይደበዝዝና መሃሉ ላይ ስርጉድ ይላል። እርሳሱ ወደ ውስጥ ሲሳብ ነው እንግዲህ። ጥቂት ሰከንድ ጨምረው ይጠብቁ፤ ከዚያ ሳህኑን በእንጨት መታ አድርገው ትርፉን ይቁረጡ። የተቆረጠው ቦታ ከተለቀለቀ ቸኩለዋል ማለት ነው።

ቅርጽ ማውጫውን ሲከፍቱት አረሩ አልወጣ ካለ የእጀታውን ማጠፊያ በእንጨት ቀስ አድርገው ይምቱ። ዋናውን ብረት አይምቱት፤ ትንሽ ከተዛነፈ ከዚያ ወዲያ ክብ አረር አይወጣውም። አረሩ የሚያርፈው ደረቅ የታጠፈ ፎጣ ላይ ነው፤ ለስላሳ እርሳስ ቶሎ ይሰረጎዳል።

ከቀዘቀዙ በኋላ አንድ በአንድ ይመዝኗቸው። 12.45 ሚሊሜትር የሆነ ንጹህ የእርሳስ አረር 11.5 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ከጓደኞቹ በጉልህ የቀለለው ውስጡ ባዶ ቦታ አለው፤ ምንም ቢያምር ወደ ድስቱ ይመለስ። እኩል የሚመዝኑትን ለብቻ ይያዙ። ሲያጎርሱ የተቆረጠውን ጠፍጣፋ ቦታ ልክ መሃል አድርገው ወደ ላይ ያዙሩት፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ያድርጉ።

ሥራው እስኪያልቅ አይብሉ፣ አይጠጡ፣ አያጭሱ። ሲጨርሱ እጅና ፊትዎን በሳሙና ይታጠቡ። የለበሱትንም ከቤተሰቡ ልብስ ለይተው ይጠቡት።