4,294,967,297ን ስንመረምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

32 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን 1 ስንጨምርበት 4,294,967,297 እናገኛለን። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ ይህ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ እንደሆነ ያምን ነበር። እምነቱ የተመሠረተው በተመሳሳይ መንገድ (1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶችን ወስደን 1 ስንጨምር) በሚገኙት በ3፣ በ5፣ በ17፣ በ257 እና በ65,537 ላይ ነው፤ አምስቱም በእርግጥ ብቸኛ ናቸውና። ይሁን እንጂ የሂሳብ ሊቁ ሊዮንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 ቁጥሩ የ641 እና የ6,700,417 ብዜት መሆኑን አሳየ። አምስት ምሳሌዎች ስለተስማሙ ስድስተኛውም ይስማማል ብሎ መደምደም እንግዲህ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ፌርማን የሚያህል ሊቅ የወደቀበት በመሆኑም ማንም ሊንቀው አይገባም።

ሁለተኛው ስህተት ከአኃዞች ብዙ መጠበቅ ነው። የአኃዞቹ ድምር 59 ስለሆነ ቁጥሩ ለ3 እንደማይካፈል እናውቃለን። ነገር ግን 59 ራሱ ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ስለ ትልቁ ቁጥር ብቸኝነት ምንም አያስረዳም።

በማካፈል የሚፈትሽ ሰው ደግሞ ወይ ቶሎ ይታክታል፣ ወይ ያለ አግባብ ይደክማል። የቁጥሩ ዳግም ዘር ከ65,536 እምብዛም ስለማይበልጥ፣ እስከዚያ ድረስ አካፋይ ካልተገኘ ከዚያ ወዲያ መፈለግ አያስፈልግም። ብቸኛ ቁጥሮችን ከ2 ጀምሮ ተራ በተራ የሚሞክር ሰው 641 ላይ የሚደርሰው በ116ኛው ሙከራ ሲሆን፣ መቶ ላይ ያቆመ ግን በስህተት «ብቸኛ ነው» ይላል። ኦይለር ይህን ድካም ያቀለለው የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋዮች ሁሉ ለ64 ሲካፈሉ 1 እንደሚተርፋቸው በማረጋገጥ ነው። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 እያሉ ስለሚቀጥሉ፣ አምስተኛው ሙከራ መልሱን ይሰጣል። እኔ ከሂሳብ ውበቶች አንዱ አድርጌ የምቆጥረው ይህን ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው የፌርማ ፈተና ነው። ኢተጋማሽ የሆነ ብቸኛ ቁጥር ከራሱ በ1 በሚያንስ ርቢ ከፍ ያለን 2 ሲያካፍል ሁልጊዜ 1 ይተርፋል፤ ስህተቱ 1 ከተረፈ ቁጥሩ ብቸኛ ነው ብሎ ሕጉን መገልበጥ ነው። የእኛ ቁጥር ብቸኛ ሳይሆን ይህን ፈተና ያልፋል፤ በ2 ፋንታ 3 ሲወሰድ ግን ቀሪው 1 ስለማይሆን ማንነቱ ይገለጣል።

ኮምፒውተርም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይታመንም፤ በ32 ቢት ብቻ የሚቆጥር ፕሮግራም ከ4,294,967,295 በላይ መያዝ ስለማይችል ይህን ቁጥር 1 አድርጎ ሊያስቀምጠው ይችላል።

የመጨረሻው ስህተት «ብቸኛ አይደለም» ብሎ ምርመራውን መተው ነው። አካፋዮቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ከእርሱ የሚያንሱት ሦስቱ ተደምረው 6,701,059 ብቻ ስለሚሆኑ፣ ከራሳቸው ከሚያንሱት አካፋዮቻቸው ድምር ጋር እኩል ከሚሆኑት ፍጹም ቁጥሮች እጅግ ይርቃል። በሌላ በኩል የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር ነው፤ 65,536² + 1² የሚለውን ሁሉም ወዲያው ያየዋል፣ ብዙዎችም እዚያው ያቆማሉ። ነገር ግን 62,264² + 20,449² እንዲሁ 4,294,967,297 ይሰጣል፤ ብቸኛ ቁጥር ደግሞ በሁለት ልዩ ልዩ መንገዶች እንዲህ ሊጻፍ ስለማይችል፣ 641ን ጨርሶ የማያውቅ ሰው እንኳ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን በዚህ ብቻ ማረጋገጥ ይችላል።